ለቡቺ የተቀመጥንበት ሽምግልና

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ ስለ አንድ ሽምግልና ላጫውታችሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ተቀምጫለሁ፤ የዕቁብ ገንዘብ ያቃቃራቸውን አስታርቄያለሁ፤ ወንድማማቾችን በአባታቸው ቤት ጉዳይ አነጋግሬያለሁ። ይኼኛው ግን ስለ ውሻ ነበር። አትገረሙ፤ ከተቀመጥኩባቸው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ገብቶ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። የጠራኝ የቆየ ወዳጄ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ባለቤቱ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። «ናና ከልጄ ጋር አስማማኝ፤ ከሐሙስ ጀምሮ አላነጋገረችኝም» አለኝ በስልክ። «ምን አደረግሃት?» ብለው፣ «ቡቺን ካንሰር ይዞታል» አለና ዝም አለ።

ቡቺ ጎልደን ሪትሪቨር የሚባለው ዝርያ ውሻ ነው። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሲሞላት ቡችላ ሆኖ መጣ፤ አሁን እሷ ዐሥራ ሰባት፣ እሱ ዘጠኝ። አባትየው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጎህ ሲቀድ ሲገባ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ በር ላይ የሚቀበለው ቡቺ ብቻ ነበር። በኋላ እማማ፣ የወዳጄ እናት፣ ከራያ ቆቦ መጡ። «ሥዕለ ማርያም በተሰቀለበት ሳሎን ውሻ አይገባም» አሉና ቡቺ ወደ ቤዝመንት ወረደ። ማንም አልተከራከራቸውም። ጠልተውት አልነበረም፤ ሰዓቱን ጠብቀው ምግቡን የሚያወርዱለት እሳቸው ነበሩ። ሥርዓት ሥርዓት ነው ብለው እንጂ።

በጥር መጨረሻ ልጅቷ አንገቱን ስታክለት ከመንጋጋው ሥር ግራና ቀኝ እብጠት ዳሰሰች። እማማ ከደረጃው ላይ ሆነው «ንፍፊት ነው፤ የሆነ ቦታ ቁስል ይኖረዋል» አሉ። ንፍፊት መሆኑስ ልክ ነበር፤ ቁስል ግን አልተገኘበትም። ሳይቆይ ከትከሻው ፊትና ከኋላ እግሮቹ ጉልበት ጀርባም ወጣ። ቢነኩት አያመውም፤ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ኳስ ያመጣል። ይህ በሽታ ሰውን የሚያዘናጋው በዚህ ነው። ሐኪሟ በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዳ ላከች፤ መልሱ ሊምፎማ ሆኖ መጣ። የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ነው፤ በውሾች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች አንዱ፣ ጎልደን ሪትሪቨሮችን ደግሞ ከብዙ ዝርያ ይልቅ የሚይዝ። ተጨማሪ ምርመራ ሲደረግ መነሻው ቢ ሴል የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ መሆኑ ታወቀ። ከሁለቱ ዋና ዋና ዓይነቶች ለመድኃኒት የሚሻለው ይኼኛው ነው፤ ቲ ሴል የሚባለው ቶሎ ያገረሻል።

ሐኪሟ ምርጫውን አስቀምጣላቸዋለች። ምንም ካልተደረገ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። ፕሬድኒሶን የሚባለው ኪኒን ብቻ ከተሰጠው አንድ ወይም ሁለት ወር። አራት መድኃኒቶችን እያፈራረቀ ለአምስት ወር ገደማ የሚሰጠው፣ ቾፕ የሚባለው ሙሉ ሕክምና ከተጀመረ ግን ከዐሥር ውሾች በስምንቱ ወይም በዘጠኙ ላይ እብጠቱ ይጠፋል፤ ዕድሜውም ወደ አንድ ዓመት ይጠጋል። ዋጋው እዚያ ክሊኒክ ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ ዶላር ነበር። ኢንሹራንስ የለውም፤ በሽታው ከታወቀ በኋላ ቢገባለትም ይህን ሕመም አይሸፍንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሐኪሟ «እስክናስብበት ብላችሁ ፕሬድኒሶኑን ቀድማችሁ እንዳትጀምሩ» ብላቸዋለች። ኪኒኑ ለጊዜው እብጠቱን ያጠፋዋል፤ ውሻውም የዳነ ይመስላል። ግን ብቻውን ቀድሞ ከተሰጠ የካንሰሩ ሕዋሶች መቋቋምን ይለምዳሉ፤ በኋላ ኬሞ ቢጀመርም ጉልበቱ ያንሳል። ስለዚህ ውሳኔውን በኪኒን ማስታገስ አልተቻለም። ሰኞ ጠዋት መልስ መስጠት ነበረባቸው። እኔ የተቀመጥኩት እሑድ ነው።

ቡናው ተፈልቷል፤ ቡቺ ታች ነው። በደንባችን ከታናሽ ይጀመር አልኩ።

ልጅቷ ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ አንድ ዓመት እንደሚኖር ተነግሮናል። እኔ ሱፐርማርኬት ሠርቼ ያጠራቀምኩት 4 ሺህ ዶላር አለኝ። አባዬ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ፤ የተቀረውን እበደራለሁ። እዚህ ቤት አብሮኝ ያደገው እሱ ነው።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የተዘጋጀችበት ነበር።

አባትየው ቀጠለ። «እህቴ አዲስ አበባ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷን ትታጠባለች። በየወሩ የምልከው እኔ ነኝ። አንዳንድ ወር ሲጎድልብኝ ሁለት ቀን ታጥባ ሦስተኛውን ትዘላለች፤ ስትዘል እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። አሁን ለውሻ 10 ሺህ ዶላር ከፈልኩ ብዬ በምን አፌ አናግራታለሁ? ቡቺን ስለማልወደው አይደለም። እናንተ ሳትነሱ ማለዳ የምንገናኘው እኮ እኔና እሱ ነን።»

ይህን ሲል ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ስለ አክስቷ ሦስተኛ ቀን የሰማችው ያን ዕለት ነው። አባቶቻችን ችግርን ከልጅ መደበቅ ፍቅር ይመስላቸዋል፤ ከዚያ ልጁ ሳያውቅ ሲጠይቅ ጨካኝ ይሆንባቸዋል። እኔ ይህን በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

እናትየዋ የተናገረችው በአጭሩ ነው። «እኔ በገንዘቡ አይደለም። ኬሞ የሚወስዱ ሰዎችን አጥባለሁ፣ ልብሳቸውን እቀይራለሁ። ጠጉራቸው ሲረግፍ፣ አፋቸው ሲቆስል፣ ውኃ እንኳ ሲመልሳቸው አይቻለሁ። ሰው ለምን እንደሚሠቃይ ያውቃል። ለዚህ ምስኪን ማን ያስረዳዋል?»

ሦስቱም ልክ ነበሩ። ልክ የሆኑ ሰዎችን ማስታረቅ ያጠፉትን ከማስታረቅ ይከብዳል። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ልጅቷን «ሐኪሟ የሰጠችሽን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለሽ አንብቢልን» አልኳት። እያነበበች ወደ አማርኛ ስትመልስ፣ እያንዳንዳቸው ያልሰሙት ነገር መውጣት ጀመረ።

መጀመሪያ የልጅቷ «አንድ ዓመት»። ቃል የተገባላት መስሏት ነበር። ወረቀቱ የሚለው ግን ሕክምናው ከተሰጣቸው ውሾች ግማሾቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፣ ግማሾቹ ከዚያ ያልፋሉ ነው። ሁለት ዓመት የሚደርሱ አሉ፤ ከአምስት አንድ ያህል ይሆናሉ። በሁለተኛው ወር የሚያገረሽባቸውም አሉ። ፈጽሞ የሚድን ብርቅ ነው። ይህን ስታነብ ሁለት ጊዜ ቆመች፤ አልቸኮልኳትም።

ቀጥሎ የእናትየዋ ጭንቀት። ለሰው ኬሞ ሲሰጥ የሚታሰበው ማዳን ነው፤ ለዚያ ሲባል ሰውነት እስከሚችለው ድረስ ይሰጣል። ለውሻ የሚሰጠው መጠን የሚወሰነው የቀረው ጊዜ ደኅና እንዲሆን ታስቦ ነው፤ ስለዚህ ከሰው ያነሰ ነው። ትውከትና ተቅማጥ ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ያልፋል። መድኃኒቱ ከተሰጠ በሳምንቱ ገደማ የነጭ ደም ሕዋስ ይወርዳል፤ ያኔ ትኩሳት ከመጣ ቀልድ የለም፣ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሆስፒታል እስከ መተኛት የሚደርሱት ግን ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። የአብዛኞቹ ፀጉር አይረግፍም፤ የአፍንጫቸው ዙሪያ ጢም ነው የሚረግፈው። እንደ ፑድል ያሉ ፀጉራቸው ሁልጊዜ የሚያድግ ዝርያዎች ግን ይራቆታሉ። እናትየዋ የሆስፒታል ሰው ናትና ዝም ብላ አላመነችም፤ ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ አነበበች። ካነበበች በኋላ «ይኼን ማንም አልነገረኝም» አለች።

ከታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ ማንም ልብ ያላለው ሌላ መንገድ ተጽፏል። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱን ብቻ፣ ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን፣ በየሦስት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ መስጠት። ዕድሜው ከሙሉው ሕክምና ያንሳል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ገደማ ነው የሚጠበቀው። ዋጋው ግን ከግማሽ በታች ነው፤ ክሊኒክ የሚመላለስበት ቀንም ጥቂት ነው። የመድኃኒቱን ስም ስትሰማ እናትየዋ ፊቷ ተለወጠ። «ቀዩ ነው» አለች። በሆስፒታል ቀዩ ሰይጣን ይሉታል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ይበላል፤ ከልክ ካለፈም ልብን ይጎዳል፤ ለዚህ ነው ከመጀመሩ በፊት ልብ የሚመረመረው፣ ቁጥሩም የሚገደበው።

እማማ እስካሁን አልተናገሩም ነበር። አሁን ጠየቁ፦ «መርዝ ነው በሉኛ?»

«አዎ እምዬ፤ መርዝ ነው» አለቻቸው ልጅቷ።

«አባቴን የገደለው መርዝ ነው» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ለእናንተ ላስፋፋው፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ የተነገረው ቁርጥራጩ ነው። የእማማ አባት በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምተው ነበር። ጦሩ ተፈትቶ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲመለስ የጣሊያን አውሮፕላኖች ይፕሪት ረጩበት። ቆዳ የሚልጥ፣ ዓይን የሚያጠፋ፣ ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ በተከዜ፣ በተምቤን ሲረጭ የቆየውም ይኸው ነው፤ ጃንሆይ በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የከሰሱትም ስለዚሁ ነው። የእማማ አባት ወዲያው አልሞቱም። እማማ ተወልደው፣ ነፍስ አውቀው፣ አባታቸው እያሳሉ ሌሊቱን ሲያነጉ ሰምተው አድገዋል።

አሁን የሳይንሱን ነገር ስሙ። ይህ መርዝ የተመቱትን ሰዎች የነጭ ደም ሕዋስ እንደሚያጠፋ ሐኪሞች ያውቁ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ፣ የል ዩኒቨርሲቲ፣ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የሚባሉ ተመራማሪዎች የይፕሪትን ዘመድ፣ ናይትሮጅን መስታርድን፣ በነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር ላይ ቢሞክሩትስ ብለው አሰቡ። በ1942 እ.ኤ.አ. ለአንድ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር በሽተኛ ሰጡት፤ እብጠቱ ሟሸሸ። በኋላ አገረሸበትና ሞተ፤ ያ ግን የኬሞቴራፒ መጀመሪያ ሆነ። በዓመቱ፣ በዲሴምበር 1943 እ.ኤ.አ.፣ ጀርመኖች በደቡብ ጣሊያን የባሪን ወደብ ሲደበድቡ፣ ጆን ሃርቪ የተባለች የአሜሪካ መርከብ በምሥጢር የጫነችው የመስታርድ፣ ማለትም የይፕሪት፣ ቦምብ ፈንድቶ ብዙ መርከበኛ ፈጀ። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለው ወታደራዊ ሐኪም የተጎዱትን መርምሮ የነጭ ደም ሕዋሳቸው እንዴት እንደጠፋ መዘገበ። ዛሬ ቾፕ ውስጥ ካሉት አራት መድኃኒቶች አንዱ፣ ሳይክሎፎስፋሚድ፣ የዚያ ናይትሮጅን መስታርድ ልጅ ነው።

ቀዩ ደግሞ ከሌላ ወገን ነው፤ አገሩ ግን ያው ጣሊያን ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋርሚታሊያ የሚባል የሚላኖ ኩባንያ ተመራማሪዎች ባሪ ካለችበት ከፑሊያ ምድር፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከሚባለው የጥንት ግንብ አካባቢ አፈር ዘግነው ሲመረምሩ ደማቅ ቀይ ቀለም የሚያመነጭ ባክቴሪያ አገኙ። ከዚያ ዘር የወጣው ዶክሶሩቢሲን በአድሪያቲክ ባሕር ስም አድሪያማይሲን ተባለ፤ በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፈቀደችው። አሸንጌ ላይ የረጩት ሰዎች አገር አፈር፣ የራያ ቆቦዋ እናት የልጅ ልጅ ውሻን ሊያክም ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል።

እማማ ግን ያንን አላሉም። አባታቸውን ካነሱ በኋላ የጠየቁት ጥያቄ ሽምግልናውን ጨረሰው። «ይህን መርዝ የምትሰጡት ለእሱ ነው ወይስ ለእናንተ?» አሉ። «ለእሱ ከሆነ፣ መብላት ያቆመ ዕለት ታቆማላችሁ። ለእናንተ ከሆነ መቼም አታቆሙም።»

ልጅቷ አለቀሰች። እኔም ያኔ ነው የሽማግሌ ሥራዬን የጀመርኩት። የአክስትየዋ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይነካም፤ ሦስተኛው ቀን እንዳይዘለል ከቡቺ በፊት ይላካል። ሙሉው ሕክምና ይቅር፤ ቀዩ ብቻ ይሰጥ። ከልጅቷ ቁጠባ አንድ ሺህ ብቻ፣ የተረፈውን አባትና እናት ይሙሉ፤ የኮሌጅ ገንዘቧ ነውና። ከመድኃኒቱ በኋላ ከሁለት ቀን በላይ ምግብ እንቢ ካለ ወይም መነሣት ካቃተው የሚቀጥለው መርፌ አይሰጥም። በሽታው ሲመለስ ሁለተኛ ዙር የለም። በመጨረሻው ላይ ልጅቷ ብዙ ተከራከረች፤ አባቷ እጇን ይዞ «እሺ በይኝ» ሲላት ነው እሺ ያለችው። በእማማ ፊት ቃል ተገባቡ።

«ለውሻ ይህ ሁሉ?» የሚለኝ ሰው አለ። እማማ ራሳቸው መልሰውለታል። ጦብያ መንገድ ሲሄድ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ውሻውም ተከትሎት እንደነበር በመጽሐፈ ጦቢት መጻፉን ጠቅሰው፣ «መልአክ አብሮት ለመሄድ ካልተጸየፈው እኔ ማነኝ?» አሉ። ሳሎን ግን አላስገቡትም። እኔም አክብሬያቸዋለሁ፤ እምነትም ርኅራኄም አንድ ቤት ውስጥ መኖር ይችላሉ።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው መርፌ፣ ሳምንት ሳይሞላ ንፍፊቱ ጠፋ። ከሁለተኛው በኋላ ተቅማጥ ያዘው፤ በመድኃኒት ቆመለት። መድኃኒቱ በሽንትና በዓይነ ምድር ስለሚወጣ፣ ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ለጥቂት ቀን የሚያጸዳለት ሰው ጓንት ያጠልቅ ነበር፤ ያንን ሥራ አባትየው ለማንም አልሰጠም። ጢሙ ረገፈ፤ ሌላው ፀጉሩ እንዳለ ነበር። አምስቱንም ጨረሰ። ፋሲካ አለፈ፣ ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመረቅ አብሯት ፎቶ ተነሣ፣ በጋውን በፓርኩ ሮጠ። መስከረም ላይ ንፍፊቱ ተመለሰ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ ያኔ ፕሬድኒሶኑን ሰጡት፣ ጥቂት ሳምንት ደኅና ሆነ። መብላት ሲያቆም ሐኪሟ ቤት ድረስ መጥታ በመርፌ አሳረፈችው። እማማ በመርፌው አልተስማሙም፤ ነፍስ የሚወስደው የሰጠው ነው ብለው ያምናሉ፤ ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። አክስትየዋ በዚያ ሁሉ ወር አንድም ቀን አልዘለለችም።

እኔ የተወሰነው ልክ ነበር እላለሁ። ሌላ ቤት ኬሞ ባይሰጥ፣ ኪኒኑ ብቻ ተሰጥቶት ሁለት ወር በምቾት ቢኖር፣ እሱም ልክ ይሆን ነበር። ልክ የማይሆነው ሳያውቁ መወሰን ነው።

ስለዚህ ውሻ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ። ስታክኩት ከመንጋጋው ሥርና ከጉልበቱ ጀርባ ዳስሱት። እብጠት ካገኛችሁ ቢበላም ቢሮጥም አትዘግዩ። ሊምፎማ ከተባለ፣ አንድም ፕሬድኒሶን ከመዋጡ በፊት ዓይነቱ ቢ ነው ቲ፣ ሙሉውና አንዱ መድኃኒት ምን ያህል ያስከፍላሉ፣ መቼ ነው የምናቆመው ብላችሁ ጠይቁ። አቅም ካነሳችሁ የምርምር ሕክምና እንዳለ ጠይቁ፤ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቤቴስዳ የሚገኘው ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሻ ካንሰርን ከእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ጋር የሚያጠና ክፍል አለው፤ እንዲህ ባሉ ጥናቶች ውስጥ ወጪው የሚሸፈንላቸው ውሾች አሉ። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰቡን ሰብስቡ፤ የሚላከውን ገንዘብም፣ የሚፈራውንም ነገር ለልጆቻችሁ ግለጡላቸው።